ስድስተኛ ሳምንት፦ አሬራ፣ ጨው እና የግፊቴ መዝገብ

ባለፈው ሳምንት «እርጎ የደም ግፊቴን አወረደልኝ» ብዬ የጻፍኩላችሁን ዛሬ አርማለሁ። ቁጥሩ መውረዱ እውነት ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ 149/93 ነበር፣ የአምስተኛው 141/88። ምክንያቱን ግን ቸኩዬ ነው የጻፍኩት። በመጀመሪያው ሳምንት የለካሁት ቡና እንደጠጣሁ፣ ክንዴንም ወደ ታች አንጠልጥዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ነርሷ ያስተካከለችኝ፦ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን መደገፍ፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፣ ከቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ሰረዝኩት። የሁለተኛው አማካይ 144/90 ነው፤ በላይኛው ቁጥር (ከመስመሩ በፊት ባለው) ድሌ ከስምንት ወደ ሦስት ወረደ! መድኃኒቴን እንደታዘዘልኝ እየወሰድኩ ነው።

ወደ ወተት ተዋጽኦ የሳበኝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የወጣው ዳሽ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ የጨመሩት ሰዎች የላይኛው ቁጥር ከተለመደው አመጋገብ ይልቅ በ2.8 ወረደ፤ በዚያ ላይ ስቡ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ የጨመሩት ደግሞ በ5.5። እነዚህኞቹ አጠቃላይ ስብም ስለቀነሱ ምስጋናው ሁሉ የወተቱ አይደለም።

ስቡ የወጣለት ወተት ሐዋሳ ውስጥ ከየት ይገኛል? ከጎረቤቴ ቅል! እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አሬራ ስቡ አነስተኛ ነው። ለመለመን ስሄድ እትዬ በሳቅ ፈረሱ፦ «ልጄ፣ ቅቤውን ትተህ ለጥጃ የምሰጠውን ትፈልጋለህ?» ቡርሳሜ የተባለው የሲዳማ የእንሰት ምግብ ቅቤ ካልጠገበ በማይበላበት ከተማ ሳቃቸው አይገርምም። አሁን በየቀኑ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ፤ ሲተርፍ አሙቀው አይብ ያደርጉልኛል።

አይቡ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ጨውና ሚጥሚጣ እነሰንስበት ነበር። አንድ ቀን የምነሰንሰውን ጨው በሻይ ማንኪያ ብለካው ግማሽ ሞላ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፤ እኔ ከወጡና ከዳቦው በፊት ግማሹን በአንድ ሳህን ጨርሼዋለሁ። ሚጥሚጣው ራሱ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። አሁን በኮሰረት ብቻ እበላዋለሁ። መጀመሪያ አልጥም ብሎኝ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ለመድኩት።

ጾም ሲገባ አሬራው ይቋረጣል፣ መለካቱ ይቀጥላል። የሽሮዬን ጨው እስከዚያ ካልቀነስኩ ግን ንጽጽሩ ዳግመኛ ይበላሽብኛል።