አዲስ ርካሽ ወይስ ያገለገለ ጠንካራ? ላፕቶፕ የመረጥኩበት መንገድ

የድሮው ላፕቶፔ አልተበላሸም። ግን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ፤ ወደ ዊንዶውስ 11 ላሳድገው ብል ደግሞ ፕሮሰሰሩ (ሥራውን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ስድስተኛ ጀነሬሽን፣ ማለትም ስድስተኛ ትውልድ ስለሆነ እምቢ አለኝ። የኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። እናም በኋላ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ጭኜበት ለቀላል ሥራ ላስቀምጠው ወሰንኩ። ለራሴ ሌላ መፈለግ ጀመርኩ። በጀቴ ጠባብ ነበር።

ገበያ ከመውጣቴ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግኩ። አሁንም ላፕቶፕ ልገዛ ነው ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው። በድሮው ላፕቶፕ እንደወትሮዬ እየሠራሁ የማሽኑ አቅም በምን እንደተያዘ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ይመጣል። ብሮውዘሩ ላይ ብዙ ታብ ተከፍቷል፣ ኤክሴል አለ፣ ፒዲኤፍ አለ፣ ከጎን ቴሌግራም አለ። ሜሞሪውን፣ ማለትም ራሙን ሳየው ከ8 ጊጋባይቱ 7ቱ ተይዟል። ፕሮሰሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ነው የተቀመጠው። በቃ፣ እኔን የሚያንቀራፍፈኝ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ራሙ ነው። ጌም አልጫወትም፣ ቪዲዮም ኤዲት አላደርግም፤ ስለዚህ ለብቻው የሚገጠም ግራፊክስ ካርድ ላለው ማሽን የምጨምረው ገንዘብ በከንቱ ነው የሚሄደው። ፍላጎቴ ያኔ ጠራ። 16 ጊጋ ራም፣ ወይም ወደዚያ የሚያድግ 8፤ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ፤ ዓይን የማያደክም ስክሪን፤ ቀኑን ሙሉ ሲጽፉበት የማያሰለች ኪቦርድ።

መጀመሪያ ያየሁት አዳዲሶቹን ርካሽ ላፕቶፖች ነው። አዲስ ነገር ደስ ይላል፣ ዋስትናም አለው። አንዱን በተለይ ወድጄው ነበር። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ስክሪኑ 15.6 ኢንች ነው። አንድ ፒዲኤፍ ከፍቼ ትንንሹን ጽሑፍ ለማንበብ ሞከርኩ። የፊደሎቹ ጠርዝ የተበላ ይመስላል። ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክስል ነው ለካ። ይህ ጥራት በትልቅ ስክሪን ላይ ሲዘረጋ ነጥብ ነጥቡ ይታያል። ቀና ብዬ ከላይ ሳየው ደግሞ ቀለሙ ነጣ፣ ዝቅ ስል ጨለመ። ቲኤን የሚባለው የስክሪን ዓይነት ጠባዩ እንዲህ ነው። ከጎንም ሲያዩት ቀለሙ ብዙም ከማይለወጠው ከአይፒኤስ ስክሪን ጋር ጎን ለጎን ሲያዩት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በቀን ስንት ሰዓት የማፈጥበትን ነገር በዚህ መልኩ መግዛት አልፈለግኩም።

ማከማቻውም አላሳመነኝም። ወረቀቱ ላይ 64 ጊጋባይት ይላል፣ ከጎኑ ኢኤምኤምሲ የሚል ተጽፏል። ይህ ቦርዱ ላይ ተበይዶ የሚመጣ ማከማቻ ነው፤ አውጥቶ በሌላ መቀየር አይቻልም፣ ፍጥነቱም ከደህና ኤስኤስዲ በብዙ ያንሳል። 64 ጊጋባይት ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው መስፈርት ነው። ስለዚህ ትንሽ ፋይል እንዳጠራቀሙ ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ቦታ የለም ማለት ይጀምራል። ራሙም 4 ጊጋ ነው፣ እሱም የተበየደ። እንዲህ ያለው ማሽን በተገዛበት ቀን የነበረው አቅም የመጨረሻው አቅሙ ነው። ከዚያ ወዲያ ማሻሻል የሚባል ነገር የለም።

ስለ ፕሮሰሰር ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሻጩም ገዢውም «አይ 7 ነው» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ኮር አይ 7-7500ዩን እና ኮር አይ 5-8250ዩን እንውሰድ። የመጀመሪያው ስሙ ትልቅ ነው፣ ግን ያለው 2 ኮር ነው፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። ሁለተኛው 4 ኮር አለው። ብዙ ነገር አንድ ላይ ሲከፈት አይ 5ቱ ይበልጠዋል፤ ዊንዶውስ 11ንም የሚቀበለው እሱ ነው። ኢንቴል ለቀጫጭን ላፕቶፖች በሚሠራቸው፣ ስማቸው በ«ዩ» በሚያልቅ ፕሮሰሰሮች ላይ ከ2 ኮር ወደ 4 የተሻገረው በስምንተኛው ጀነሬሽን ነው። ስለዚህ እኔ ከአይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 በፊት የማየው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው። 8250 ሲሆን ስምንተኛ፣ 1135 ሲሆን አሥራ አንደኛ ጀነሬሽን ነው። የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲም ቢሆን የፕሮሰሰሮቹ ስም ያሳስታል። ራይዘን 5 7520ዩ ሲሉት ከ5600ዩ የዘመነ ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ግን ዜን 2 የሚባለው የቆየ ዲዛይን ነው፤ 5600ዩ ዜን 3 ነው። በ7000 ቁጥሮች ላይ ዲዛይኑን የሚናገረው ሦስተኛው አሃዝ ነው።

ይህን ሁሉ ሳመዛዝን ወደ አንድ ውሳኔ መጣሁ፦ በአንድ ዓይነት ገንዘብ ከአዲስ ደካማ ይልቅ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይሻለኛል። የቢሮ ስል ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው በብዛት የሚገዟቸውን ማለቴ ነው። ቲንክፓድ ቲ480፣ ላቲቱድ 5490፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፤ ሦስቱም የእ.ኤ.አ. 2018 ዘመን ናቸው። ኩባንያዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ በጅምላ ስለሚቀይሯቸው ዋጋቸው ይወርዳል። አካላቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው ጥሩ ነው፣ ሦስቱም ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው፣ ማከማቻቸውም ይቀየራል። ግን አንድ ዓይነት ስም ስላላቸው ሁሉም አንድ ናቸው ማለት አይደለም። በአንድ ሞዴል ስም ደብዛዛ ስክሪን ያለውም፣ 1920 በ1080 አይፒኤስ ያለውም ይሸጣል። ከጎን ያለ ሰው እንዳያነብ ተብሎ የተሠራ ስክሪን ያላቸውም አሉ። ምስጢር ለሚሠራ ሰው ደግ ነው፣ ከቤተሰብ ጋር ፊልም ለሚያይ ግን አይመችም።

እኔ ያነጣጠርኩት ኤሊትቡኩ ላይ ነው፣ እና ፍተሻው ላይ አልቸኮልኩም።

ገና ሲበራ ወደ ባዮስ፣ ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ ገባሁ፤ በኤሊትቡክ ላይ ቁልፉ ኤፍ10 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀ ተመልሼ እሄድ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ድርጅት ባዮሱን ከቆለፈው ላፕቶፑ ቢሠራም ጣጣ ነው። ቀጥሎ ሻጩን ኢንተርኔት ላይ እንደተገናኘ ዊንዶውሱን ሪሴት እንዲያደርግልኝ፣ ማለትም ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዲያስነሳልኝ ጠየቅኩት። ጊዜ ይወስዳል፣ ፊቱም ትንሽ ጠቆረ፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምክንያቱም አንዳንዱ ላፕቶፕ በቀድሞው ድርጅት ስም ተመዝግቦ ይቀራል፤ ሪሴት ሲደረግ የድርጅቱን አካውንት አስገባ ብሎ ድርቅ ይላል። ይህን ቤት ወስዶ ከማየት እዚያው ማየት ይሻላል።

ባትሪው ላይ ደግሞ የሰው ቃል አልሰማሁም። «አራት ሰዓት ይቆያል» ሁሉም ይላል። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ ፓወርሲኤፍጂ ብዬ፣ ክፍተት ሰጥቼ፣ ስላሽና ባትሪሪፖርት ጻፍኩ። አንድ ፋይል ያወጣል፣ በብሮውዘር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ዲዛይን ካፓሲቲ ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ አሁን የቀረው። አንዱ ላይ ያየሁት ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፤ አልፌው ሄድኩ። የወሰድኩት ላይ ከ50 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት 38 ሺህ ገደማ ቀርቶታል፣ ማለት 76 ፐርሰንት። ለዚህ ዕድሜ ጥሩ ነው። ቁጥሩን ለሻጩ አሳየሁትና ዋጋ ላይ ተነጋገርን። ቁጥር ሲኖር ክርክር ያጥራል። ባትሪው እንዳላበጠም አየሁ፤ ካበጠ ታችፓዱ ከፍ ይላል ወይም ክዳኑ በደንብ አይገጥምም። እንዲህ ያለውን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቀሪው ፈጣን ነው። ኖትፓድ ከፍቼ እያንዳንዱን ቁልፍ መታሁ። ነጭ ከዚያም ጥቁር ምስል ሙሉ ስክሪን አድርጌ ነጠብጣብ ፈለግኩ። ፍላሽ ዲስክ በሁሉም ዩኤስቢ ላይ ሰካሁ፣ ካሜራና ማይኩን ሞከርኩ፣ በፍላሹ ይዤው በሄድኩት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የኤስኤስዲውን ጤና አየሁ። ማጠፊያውን ይዤ ከፈት ዘጋ አደረግኩ፤ ክዳኑ ባቆምኩት ቦታ ይቆማል። ወሰድኩት።

ሲመጣ 8 ጊጋ ራም በአንዱ ማስገቢያ ላይ ነበረው። ይህንንም ታስክ ማናጀር ይናገራል፣ ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ ይጽፋል። ቆይቼ ሌላ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ጨመርኩበት። በፊት ታቦቹ ሲበዙ ወደ ኋላ ተመልሼ አንዱን ስነካ ገጹ እንደ አዲስ ይጭን ነበር፤ አሁን እንዳለ ነው የሚጠብቀኝ። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስም ይነቃል፣ ሜሞሪውን የሚጋራው ከዚያው ነውና። ለዚህች ራም ያወጣሁት ገንዘብ ከሁሉም በላይ ያረካኝ ነው።

ሁሉም ሰው እንደኔ ያድርግ አልልም። ቀኑን ሙሉ መብራት በሌለበት የሚውል ሰው ያገለገለ ባትሪ አያዛልቀውም። ላፕቶፕ ከፍቶ መነካካት የማይፈልግ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና የሚያረጋጋው ሰውም አዲስ ይግዛ። ያኔ ግን ሴሌሮን ኤን4020 የሚባለውን ፕሮሰሰር ይለፈው፣ 2 ኮር ብቻ ነው። ኢንቴል ኤን100 4 ኮር አለው፣ ለብሮውዘርና ለቢሮ ሥራ ይበቃል፤ ብቻ ራሙ 8 ጊጋ መሆኑንና ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆኑን ያረጋግጥ። ክሮምቡክ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ በጉግል ክሮምኦኤስ የሚሠራ ላፕቶፕ የሚያስብ ካለ ደግሞ የዚያን ሞዴል የአፕዴት ማብቂያ ቀን አስቀድሞ ይፈልግ። ቀኑ የሚቆጠረው ሰውየው ከገዛበት ሳይሆን ፕላትፎርሙ፣ ማለትም ሞዴሉ የተመሠረተበት ሃርድዌር ከወጣበት ጊዜ ነው፤ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ ክሮምቡክ አዲስ ቢሆንም ዕድሜው እያለቀ ሊሆን ይችላል።

ከሻጩ ጋር የመመለሻ ጊዜ ተስማምታችሁ ከሆነ ያንን ጊዜ አታባክኑት። እኔ በነዚያ ቀናት ረጅም ቪዲዮ እያጫወትኩ ማራገቢያው እንዴት እንደሚጮህ ሰማሁ፣ ዋይፋዩን ከራውተሩ ርቄ ሞከርኩ፣ ክዳኑን ዘግቼ አሳድሬ ጠዋት ባትሪው ምን ያህል እንደወረደ አየሁ። የድሮውን ላፕቶፕም ያጸዳሁት የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ፋይሎቼ ሁለቱም ላይ ነበሩ።