ሂቢስከስን ከደብረ ማርቆስ ውርጭ ማሻገር

ህዳር በገባ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ነው፣ "ሂቢስከሴ (የአበባ ቁጥቋጦው) ጠቁሮ ደረቀ፣ ልንቀለው?" ኧረ ተዉት አትንቀሉት! ግራ የሚያጋባው ዩቲዩብ ላይ የሚታየውና እኛ ግቢ ያለው ዘር የተለያዩ መሆናቸው ነው።

ዴንቨር ያለችው እህቴ የተከለችው ከሰሜን አሜሪካ ረግረግ የመጣው ዘር ነው፣ አበባው ሰሃን ያክላል፣ ብርድ ሲገባ ግንዱ እንዳለ ይደርቅና ስሩ አፈር ውስጥ ሆኖ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ እንኳ ይችላል። እሷም የደረቀውን 15 ሳንቲም አስቀርታ ቆርጣ ቅጠልና ገለባ ትከምርበታለች፣ አለቀ። ሌላው ተክል ሁሉ ለምልሞ እሱ እስከ ግንቦት ድረስ ብቅ ላይል ይችላል፣ ሞቷል ተብሎ ተቆፍሮ የሚጣለውም ያኔ ነው።

የኛው ቅጠሉ የሚያብረቀርቀው ግን የሞቃት አገር ልጅ ነው፣ ግንዱም እንጨት ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች እዛ አይቸገርም፣ እኛ ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን እኮ፣ ይበርደዋል። ስለዚህ ለዛኛው ዘር "ከስሩ ቁረጡት" ሲሉ ሰምታችሁ መቀስ እንዳታነሱ በሞቴ።

ብርዱም ይለያል። እህቴ ጋ ወር ከወር ይከርማል፣ እኛ ጋ ግን ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ምድሩ የያዘውን ሙቀት ይለቅና ንጋት ላይ ውርጭ ይጥላል፣ ረፋዱ ላይ ደሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል፣ ይሄን ገበሬው ከማናችንም በላይ ያውቀዋል፣ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው የታችኛውን ማሳ ነው። ግቢም ውስጥ ያው ነው፣ ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ያለው ሲጠቁር ግድግዳ ተጠግቶ የተተከለው ይተርፋል፣ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታላ። ቦታ መምረጥ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ፣ በማሰሮ ወይ በባልዲ ከሆነማ በረንዳ ስር ማስገባት ነው።

መስከረም ካለፈ በኋላ መግረዝም ማዳበሪያም ይቅር፣ ለጋ ቅርንጫፍ ያወጣና መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለኛ ነው፣ ለሱ ጆንያ ይሻለዋል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ፀጥ ካለ ያን ሌሊት ውርጭ ሊጥል ስለሚችል ቀን ላይ ስሩን አጠጡት፣ እርጥብ አፈር ከደረቁ የተሻለ ሙቀት ይይዛል፣ ሲመሽ ጆንያ ወይ ያረጀ አንሶላ እስከ መሬት ድረስ አልብሱትና ጠዋት ግለጡት። ላስቲክ ከሆነ እንጨት ተክላችሁ ከፍ አድርጉት፣ ቅጠሉን የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ስሩ ላይ የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው፣ ግንዱን ግን አይንካ፣ ይበሰብሳል።

ከጠቆረስ? እስከ መጋቢት አትንኩት፣ አስቀያሚ ቢሆንም የደረቀው ጫፍ ከስሩ ያለውን ይከላከልለታል። ከዛ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ ማድረግ ነው፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አለ፣ ቡናማ ከሆነ አረንጓዴው እስኪገኝ ወደ ታች እየወረዱ መቁረጥ። በጣም የምትሳሱለት ከሆነ ደግሞ ሐምሌ ላይ ዝናቡ እያለ ከቅርንጫፉ ቁራጭ ተክላችሁ ስር ሲሰድ ቤት ውስጥ መስኮት ጋ አሳድሩ፣ ውጪ ያለው ቢሄድ እንኳ ዘሩ አይጠፋባችሁም።