ሰባራ ኮምፒውተርና አራት ወር ተኩል

ካሴቱን የላከችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ያኔ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በሰው እጅ በላከችው ሻንጣ ውስጥ ለእማዬ ሽቶና ጫማ፣ ለኔ ደግሞ አንድ ዎክማን ከአንድ ካሴት ጋር ነበረበት። ሽፋኑ ላይ ነፋስ ፀጉሯን የበተነው፣ ሰማያዊ የለበሰች ሴት አለች። ማዶና። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ሰፈራችን ሙዚቃ ቤት ግድግዳ ላይ ፎቶዋ ተለጥፎ ነበር። የግድግዳዋ ሴትና ይቺኛዋ ግን አንድ ሰው አይመስሉም።

ዘመኑ በኛ 1990 ነው። አልበሙ «ሬይ ኦፍ ላይት» ይባላል፣ የብርሃን ጨረር እንደማለት። አሜሪካ የወጣው ማርች 3 ቀን 1998 ነው፤ ለኛ የካቲት 24፣ የአድዋ በዓል ማግስት። እኔ እጅ የገባው ክረምት ላይ ነው። ዎክማኑ ባትሪ ስለሚጨርስ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ባትሪዎቹን መስኮት ላይ እያሰጣሁ፣ እንግሊዝኛው ሳይገባኝ አሥራ ሦስቱንም ዘፈን ሸመደድኩት።

ዛሬ ሙዚቃ አቀናብራለሁ። ቤቴ ውስጥ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ትንሽ ኪቦርድ ይዤ። ሥራዬን ለሰው ሳሰማ አንድ አስተያየት አይቀርም፦ «ያምራል፣ ግን የማሽን ነው፣ ነፍስ የለውም።» ይሄን በሰማሁ ቁጥር ወደዚያ ካሴት እመለሳለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አልበሙ እንዴት እንደተሠራ የተነገረውን እየፈለግሁ ሳነብና ሳዳምጥ ከረምኩ። ያገኘሁት ነገር ከጠበቅሁት በላይ ነካኝ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

እ.ኤ.አ. 1997 ላይ እንጀምር፣ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው። ማዶና ገና አራስ ነበረች ማለት ይቻላል፣ የመጀመሪያ ልጇ ሉርድስ የተወለደችው በጥቅምት 1996 ነው። ከዚያ በፊት «ኤቪታ» ለሚለው ሙዚቃዊ ፊልም ስትል የድምፅ ትምህርት ወስዳለች። ያውም ከስንት ሚሊዮን አልበም ሽያጭ በኋላ! ትምህርቱ የማታውቀውን የድምፅ ክልል ከፈተላት፣ አልበሙ ላይ የሚሰማው ያ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው።

ሥራውን የጀመረችው ከአሜሪካዊው ዘፋኝና አቀናባሪ ከቤቢፌስ ጋር ነበር። ዘፈኖች ጻፉ። ግን ከዚህ በፊት አብረው ከሠሩት ጋር ተመሳሰሉባትና ተወቻቸው። ይህንን ቀላል አድርገን አንየው። በዚያን ጊዜ ቤቢፌስ የነካው ሁሉ ወርቅ ነው፣ የተሳካለትን ሥራ መድገም ደግሞ ማንም የማይወቅሰው ነገር ነው። ከዚያ ከዘፈን ደራሲው ከሪክ ኖዌልስ ጋር ጻፈች፣ ከድሮ የሥራ ባልደረባዋ ከፓትሪክ ሌናርድ ጋርም ጻፈች። ዜማዎቹ ቀስ በቀስ ተጠራቀሙ። የጎደለው ቅንብሩ ነበር።

በዚህ መሐል ነው ከእንግሊዝ አንድ ቴፕ የመጣው። ዊሊያም ኦርቢት የሚባል ሰው የላከው፣ አሥራ ሦስት ሙዚቃ ያለበት። ኦርቢት ከዚያ በፊት የሷን ዘፈኖች ሪሚክስ አድርጎ፣ ማለትም በራሱ መንገድ እንደገና አቀናብሮ ያውቃል፣ ሙሉ አልበም ግን አብረው ሠርተው አያውቁም። እኛ ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ብለን እንደምንጽፈው ቢጻፍ፣ ቅንብሩ ላይ ከሁሉም በላይ የሚገነው የሱ ስም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቴክኖ፣ አልበሙ ውስጥ ስለሚሰማው በማሽን የሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ፣ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቴክኖ የአውሮፓ፣ በተለይ የጀርመን ሙዚቃ ይመስለዋል። የተወለደው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ ዲትሮይት ነው። ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳንደርሰን የሚባሉ፣ በከተማዋ አቅራቢያ ቤልቪል የሚባል ቦታ አብረው የተማሩ ሦስት ጥቁር ልጆች ናቸው መሠረቱን የጣሉት። እርግጥ ጀርመኖቹን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ ክራፍትወርኮችን ያዳምጡ ነበር፣ ግን ፈንክ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃም ያዳምጡ ነበር፣ የመኪና ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ባሉበት ከተማ ውስጥ ሆነው በርካሽ የገዙትን መሣሪያ እያነካኩ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ነገር አወጡ። 1988 ላይ እንግሊዝ ውስጥ የነሱ ሥራዎች ስብስብ ታትሞ ወጣ፣ «ቴክኖ» የሚለው ስምም በዚያው ጸደቀ። ከዚያ ለንደንና በርሊን ወሰዱት።

ማዶናስ የት ነው ያደገችው? እዚያው ሚሺጋን፣ ዲትሮይት ዙሪያ ባሉ ከተሞች። ሙዚቃው ሲወለድ እሷ ወደ ኒውዮርክ ሄዳለች። እና ያገሯ ድምፅ ባሕር ተሻግሮ፣ አንድ እንግሊዛዊ እጅ ላይ ሌላ መልክ ይዞ፣ እሷ ከሄደች ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ በፖስታ ተመለሰላት። ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል። የነዚያ የዲትሮይት ልጆች ስም ግን እንደሷ ስም በየቤቱ አለመግባቱ ያናድደኛል፣ ስለ አልበሙ በተወራ ቁጥር እነሱም መነሳት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ስቱዲዮው እንግባ። ላራቢ ኖርዝ ይባላል፣ ሎስ አንጀለስ፣ ኖርዝ ሆሊውድ። የተለመደው የባንድ ብዛት የለም። በአብዛኛው ኦርቢት፣ ሲንተሳይዘሮቹ (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩት ኪቦርዶች)፣ ሳምፕሎቹ (ተቀድተው የተቀመጡ ቁርጥራጭ ድምፆች) እና ኮምፒውተሩ ናቸው። ከሲንተሳይዘሮቹ ውስጥ ጁኖ 106 እና ኮርግ ኤምኤስ 20 ይገኙበታል፣ ያኔም ቢሆን ያረጁ ናቸው። እና ይበላሻሉ! ደጋግመው ይበላሻሉ። ባንድ ቢሆን ጊታሪስቱ ቢታመም ሌላ ይጠራል፤ ሁሉም ነገር ማሽን ውስጥ ሲሆን ግን ማሽኑ ሲቆም ሥራው ይቆማል፣ እስኪጠገን ይጠበቃል። ማዶና ደግሞ ፈጣን ሠራተኛ ናት፣ መጠበቅ አትወድም። ቢሆንም ጠበቀች። አልበሙ አራት ወር ተኩል ያህል ፈጀ፣ እስከዚያን ጊዜ ከሠራቻቸው ሁሉ ረጅሙ።

እኔ ይሄን አልበም ትልቅ ያደረገው ያ ጊዜ ነው እላለሁ። ኦርቢት እንደሚናገረው፣ እሱ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲጨምር፣ ሲያስጌጥ፣ ሲያበዛ፣ ያማረውን አታስጊጠው እያለች የምታስቆመው እሷ ነበረች። ይሄንን ለማለት ረጋ ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የቸኮለ ሰው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የኔንም ችኮላ ያየሁት በዚያ ነው።

ሁለት ነገሮች ከአእምሮዬ አልወጡም። አንደኛው የርዕሱ ዘፈን ነው፣ «ሬይ ኦፍ ላይት»። መነሻው 1971 ላይ ከርቲስ ማልዱን የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያወጡት ዘፈን ነው፣ ፈጣን የክለብ ምት ለብሶ አዲስ ሆነ። ሲቀዳ ኦርቢት ቁልፉን፣ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ ማለት ነው፣ ለሷ ከሚመቻት በግማሽ ቶን ከፍ አደረገው፣ ሆን ብሎ። ድምፁ ሲጨነቅ፣ ሲንጠራራ እንዲሰማ ፈልጎ። አሁን ሂዱና ስሙት፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ያ ጩኸት ከምቾት የሚመጣ አይደለም። ከሥሩ ማሽኑ አንድ ዓይነት ምት ይመታል፣ ከላይ ሰው ትንፋሽ እያጠረው ይሮጣል።

ሁለተኛው «ስዊም» የሚለው ነው። እሷ ድምፁን የቀዳችበት ቀን ወዳጇ ዲዛይነሩ ጂያኒ ቬርሳቼ ማያሚ ውስጥ የተገደለበት ቀን ነው፣ ጁላይ 15፣ 1997። መርዶ ሰምታ፣ በስልክ ስታወራ ቆይታ ገብታ ዘፈነች። ዘፈኑ ውስጥ ለቅሶ የለም። ግን አንዴ ካወቃችሁ በኋላ ሌላ ዘፈን ይሆናል።

መዝጊያው፣ «መር ገርል»፣ ስለ እናቷ ሞት ነው፤ እናቷ በጡት ካንሰር ስትሞት ማዶና የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንዴ ብቻ ነው የተቀዳው ይባላል። ልጅ ሆኜ ስለምን እንደሚያወራ ሳላውቅ ያን ዘፈን ማታ ማታ አልሰማውም ነበር፣ ይከብደኝ ነበር። ከበሮ የሌለው፣ ባዶ ክፍል የሚመስል ሙዚቃ ነው። እና አብዛኛው የማሽን ድምፅ ነው። ነፍስ የለውም የሚለኝን ሰው ቁጭ አድርጌ ይቺን ባሰማው እወዳለሁ።

ሲወጣ ምን ሆነ? መጀመሪያ «ፍሮዝን» ወጣ፣ ቀርፋፋ፣ ክሬግ አርምስትሮንግ ያቀናበራቸው ቫዮሊኖች ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር የሚላተሙበት። ከዳንስ ንግሥት እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልጠበቀም። እንግሊዝ ውስጥ በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ገባ። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት 371,000 ተሸጠ፤ ያም ሆኖ ሁለተኛ ነው የወጣው፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ የ«ታይታኒክ» ፊልም ሙዚቃን ከላይ የሚያወርደው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት 4 የግራሚ ሽልማት አገኘ።

በኛ ሀገር ክርክሩ ሌላ መልክ ነበረው። ትልልቆቹ ባንዶች በሰዓት እላፊና በችግር ሲበተኑ፣ ነፋሾቹ ወጥተው ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ሲገቡ፣ ታላላቆቻችን «ኪቦርድ ሙዚቃችንን ገደለው» አሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል፣ እኔም የሳክስፎኑን ድምፅ እወዳለሁ። ነገር ግን ጥፋቱን ኪቦርዱ ላይ ብቻ መጣል ልክ አይመስለኝም። አንድ ሰው በሁለት ሳምንት ሙሉ ካሴት አቀናብሮ እንዲያስረክብ ሲጠየቅ፣ ሁሉም ዘፈን ላይ ያው ምት ሲደገም፣ ሙዚቃውን ያደረቀው ችኮላው ነው። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ፣ የሀገር ቤት ምትና የዲጄ ሙዚቃ ተዋህደው ስሰማ፣ ጊዜ የተሰጠው ሥራ መሆኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያስታውቅ ነበር። ደስታዬን ዛሬም አልረሳውም።

እኔም ዘንድሮ አንድ ዘፈን ከአንዲት ድምፃዊት ጓደኛዬ ጋር እየሠራሁ ነበር። ሊያልቅ ሲል ሃርድ ዲስኩ ሞተ። የሁለት ሳምንት ሥራ ጠፋ። ሦስት ቀን ላፕቶፑን አልከፈትኩም፣ ከሰውም አላወራሁም። ከዚያ ስለ ኦርቢት ማሽኖች ያነበብኩት ትዝ አለኝና ከትዝታዬ እንደገና ጀመርኩት። አስታውሼ የመለስኩት ግማሹን ብቻ ነው፣ የረሳሁት ግማሽ ዘፈኑ የማይፈልገው ነበር።

ድምፅ ስንቀዳ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ «ግማሽ ቶን ከፍ ላድርገው?» አልኳት። «አይ፣ አይወጣልኝም» አለችኝ። «አንዴ ብቻ ሞክሪው» አልኳት። ሁለት ጊዜ ተሰበረባት። በሦስተኛው ዓይኗን ጨፍና ዘፈነች፣ ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን፣ ማቆሚያውን እንኳን ሳልጫን ረሳሁት።

ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። አሁን አዳማ ነው የምትኖረው፣ ሁለት ልጆች አሏት። ማታ ደወለች። «ወንድምዬ፣ ልጅቷ መጨረሻው ላይ ልታለቅስ ነው እንዴ?» አለችኝ። እያለቀሰች እንዳልሆነ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ያ ካሴት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አለ። ክሩ አንድ ቦታ ተበጥሶ በስኮች ቀጥዬዋለሁ፣ «ፍሮዝን» ላይ ነው፣ እዚያ ጋ ሲደርስ ለአንዲት ቅጽበት ድምፁ ይዋጥና ይመለሳል። ዛሬ ዘፈኑን ከስልኬ ስሰማውም እዚያች ቦታ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ።