በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሸማኔ ወፍን መጠናናት ፎቶ ያነሣሁበት መንገድ

ወንዱ ሸማኔ ወፍ ሴቲቱን ሲያማልል ፎቶ ለማንሣት ስነሣ፣ የሚያስቸግረኝ ካሜራው እንደሚሆን ገምቼ ነበር። ቦታው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ብዙም ሳይርቅ ፊላ የበቀለበት ጥግ ሲሆን፣ ጊዜውም ዝናብ የገባበት የሰኔ ወር ነበር። በአንድ ግራር ላይ በርካታ ጎጆዎች ተንጠልጥለው ስላየሁ አምስት እርምጃ ያህል ድረስ ተጠግቼ ቆምኩ፤ ሦስት ጠዋትም በከንቱ አለፈ። ነጭ ጋቢ ለብሼ መሄዴን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

በአራተኛው ቀን መረባቸውን ሲጠግኑ የነበሩ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ፣ «ልጄ፣ በሩ ላይ ቆመህ ሙሽራዋ እንዴት ትምጣ?» አሉኝ። ማታ ፎቶዎቹን ስመለከት በእርግጥም አንዲት ሴት ወፍ አልነበረችባቸውም። ወንዱ ከጎጆው መግቢያ ሥር ተዘቅዝቆ ቢጫ ክንፎቹን የሚያርገበግበው በተለይ ሴቲቱ ስትቀርብ በመሆኑ፣ እርሷን ማባረር ትርዒቱን ማስቀረት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት እርምጃ ያህል ርቄ፣ ከተጎተተች ጀልባ ጀርባ በጥቁር ካፖርት ተቀመጥኩ። ሌንሴንም በወፉ ፈንታ በጎጆው ላይ አነጣጠርኩ፤ የመረጥኩትም ገና አረንጓዴ የሆነውን ነው። ሴቲቱ ገብታ ሽምኑን ከውስጥ በመንቁሯ እየጎተተች ትፈትሻለች፣ ደርቆ ቡናማ የሆነውን ጎጆ ግን እምብዛም አትቀበልም፤ ወንዱም ያልተወደደለትን ራሱ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ዓይኔን የጣልኩት በደማቁ ወንድ ላይ ሳይሆን ደብዘዝ ባለችው ሴት ላይ ነበር፤ እርሷ ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ ጣቴን አዘጋጃለሁ።

በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ1/500 ሰከንድ የሻተር (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት ያነሣኋቸው ክንፎች ሁሉ ደበዘዙ፤ 1/2000 ላይ ግን ላባው ተለይቶ ታየ። ቢጫው በፀሐይ እንዳይነጣ ካሜራው ከሚለካው ጥቂት አጨልም ነበር። ከተማዋ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ፊትን ወደ ውኃው ላዞረ ሰው ብርሃኑ ከጀርባ ይመጣለታል።

የሚጸጽተኝ አንድ ነገር አለ፤ ጎጆውን የሚከልል ቅርንጫፍ በሲባጎ አስሬ ወደ ጎን ስቤ ነበር። ወንዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ጎጆው ሳይመለስ ስለቀረ ፈትቼ ለቀቅኩት። ከዚያ ወዲህ የምቀይረው የራሴን መቀመጫ እንጂ የዛፉን ቅርንጫፍ አይደለም።

ካስቀረኋቸው አሥራ አንድ ፎቶዎች አብልጬ በምወደው ላይ ወንዱ ተዘቅዝቆ ክንፉን ዘርግቷል፣ ሴቲቱ ግን ፊቷን ወደ ጎረቤት ጎጆ አዙራለች። ለአዛውንቱ ሳሳያቸው ትንሽ አተኩረው አዩና፣ «ነገ ያፈርሰዋል» አሉ።