በብዙ በርሜል ያለፈ የአሜሪካ ውስኪ ከመግዛታችሁ በፊት የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ

ይህን የምጽፈው ወይን ወይም ሮም (ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ መጠጥ) በነበረበት በርሜል ያለፈ የአሜሪካ ውስኪ ለመቅመስ ላሰባችሁ ነው። ቀድሞ የሞከረ ሰው አንዲት ነገር ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ ገንዘቤም ምሽቴም ባልባከነ ነበር።

ቡርቦን፣ በብዛት ከበቆሎ የሚሠራው የአሜሪካ ውስኪ፣ የሚቀመጠው ውስጡ ከሰል እስኪመስል በተቃጠለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። ቫኒላውና ካራሜሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። አንዳንድ አምራቾች በዚህ አያበቁም። ውስኪውን ወይን ወይም ሮም ወደነበረበት በርሜል ያዛውሩታል። ያ በርሜል የጠጣውን ይዞ ስለሚቆይ ለውስኪው ያካፍለዋል። ሉዊቪል፣ ኬንታኪ የሚገኘው ባሬል ክራፍት ስፒሪትስ ዳቭቴይል የሚባለውን ውስኪ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ውስኪዎች ይቀላቀላሉ፣ ከዚያ የሮም፣ የፖርት (ጣፋጭና ጠንከር ያለ የፖርቱጋል ወይን) እና የካበርኔ (ቀይ ወይን) በርሜሎች ይጠቀማሉ። ልገዛ የወጣሁት እሱን ነበር።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ መጠጥ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ያገሬ ልጅ ነው። «ዳቭቴይል አልቋል፤ ይኼን ውሰድ ወንድሜ፣ ያው ነው፤ እንዲያውም ረከስ ይላል» አለኝ። ፊት ለፊቱ ላይ ፖርትና ሮም በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። «ውስጡ ያለው ሁሉ ውስኪ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንዴታ! ሌላ ምን ይሆናል?» አለ።

ማታ ጓደኞቼን ጠርቼ ከፈትኩት። ሽታው ጥሩ ነበር፤ ዘቢብና የእንጆሪ ማርማላታ ይሸታል። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጣፋጭ ነገር ምላስን ይነካና ወዲያው ይጠፋል። ከዚያ የሚቀረው የአልኮል ማቃጠል ብቻ ነው። መሃሉ ባዶ ነው። በስልኬ መብራት ጠርሙሱን አዙሬ ሳነብ፣ በደቂቅ ፊደል ከግማሽ በላይ ኒውትራል ስፒሪት፣ ማለትም ጣዕም አልባ ንጹህ አልኮል፣ መሆኑ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የገዛሁት ብሌንድድ ውስኪ (ድብልቅ ውስኪ) የሚባለውን ነበር። በአሜሪካ ሕግ ብሌንድድ ውስኪ ለመባል 20 በመቶው ስትሬት ውስኪ ከሆነ ይበቃል። ስትሬት ማለት ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው። የቀረው 80 በመቶ ኒውትራል ስፒሪት ሊሆን ይችላል። ኒውትራል ስፒሪት የሚጣራው 95 በመቶ አልኮል ወይም ከዚያ በላይ ድረስ ስለሆነ የእህሉ ጣዕም አብሮት አይተርፍም። ቡርቦን ግን ሲጣራ ከ80 በመቶ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ የበቆሎው ጣዕም የሚተርፈው ለዚህ ነው። ብርጭቆዬ መሃሉ ባዶ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። በርሜሉ የሚያስጌጠው ውስኪ አልነበረውም። ቀለሙም ዋስትና አይደለም። ቡርቦን ውስጥ ቀለም መጨመር ክልክል ነው፤ ብሌንድድ ውስኪ ውስጥ ግን ይፈቀዳል።

ብሌንድ ኦፍ ስትሬት ውስኪስ የሚል ካያችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ያ የስትሬት ውስኪዎች ድብልቅ እንጂ በኒውትራል ስፒሪት የቀጠነ አይደለም። ሁለቱ አጠራሮች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዳር ያለ ሰው በምን ይለያቸዋል?

በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። ሻጩ የለም። ኃላፊው የተከፈተ ጠርሙስ አንመልስም አለ። ሻጩ የነገረኝን ስነግረው ጀርባውን አሳየኝና «ሕጉ የሚለው ተጽፏል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል። ግን በርሜሉ ፊት ለፊት በወርቅ፣ አልኮሉ ከጀርባ በደቂቅ ፊደል ሲሆን፣ ያ መረጃ ነው ብሎ መከራከር አያሳፍርም? እስከ ዛሬ ያበግነኛል። ጠይቄ ነበርና። ሕጉንም 20 በመቶ ይበቃል ብሎ ያወጣው ሰው ቀምሶት ያውቃል ብዬ አላምንም። በሁለተኛው፣ በወይኑ ወይም በሮሙ በርሜል ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለበት ደግሞ ጭራሽ የተወሰነ ነገር የለም። ጥቂት ሳምንት የነካውም፣ ዓመት የከረመውም እኩል «በፖርት በርሜል ያለፈ» ይባላል።

ዳቭቴይሉን በኋላ ሌላ ሱቅ አገኘሁት፤ ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ገዛነው። እናንተም ስትቀምሱ ብርጭቆው አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። እንደ እኛ ቤት ቡና ከተፈላ ዕጣኑ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ሌላ ነገር አይሸታችሁም። አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ በልታችሁም አትቅመሱ፣ ቃሪያው የአልኮሉን ማቃጠል እጥፍ ያደርገዋል። ደረቅ ዳቦ ይበቃል።

ውሃን በተመለከተ አዋቂ ነን የሚሉት «ጥሩ ውስኪ ውሃ አይነካውም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዳቭቴይል ከ60 በመቶ በላይ አልኮል ነው። እንዲሁ ሲጠጣ ምላስን ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ምላስ ደግሞ ፖርትን ከሮም አይለይም። መጀመሪያ እንዳለ ሽተቱት፣ ትንሽ ቅመሱ። ከዚያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውስኪ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ጨምሩ። ወደ 46 በመቶ ይወርዳል። የእኔ ብርጭቆ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ጥቁር የሸንኮራ ማር የሚመስለው ሮም፣ ቀጥሎ የፖርቱ የደረቀ ፕለም፣ መጨረሻ ላይ አፍን የሚያደርቀው ካበርኔ። በጣም ወደድኩት።

ሌላው የግድ የምለው፣ አጠገቡ በሌላ በርሜል ያላለፈ ተራ ቡርቦን ቅዱ። ውድ መሆን የለበትም። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ይኼን ስትቀምሱ የወይኑ በርሜል የጨመረው ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ቫኒላው ሁለቱም ጋ አለ፤ ፍሬው ግን አንዱ ጋ ብቻ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የጣዕም መግለጫ ቀምሳችሁ እስክትጨርሱ አታንብቡት፤ ያነበባችሁትን ነው የምትቀምሱት።

ሱቅ ስትገቡ ታዲያ ሻጩን አትጠይቁ። ጠርሙሱን አዙሩና ኒውትራል ስፒሪት የሚለውን ፈልጉ። ካገኛችሁት፣ ፊቱ ላይ የፈለገው በርሜል ቢጻፍ መልሳችሁ አስቀምጡት።