ከጥቁር ሽንት እስከ ጓያ፦ የስድስት ወር የጥናት ማስታወሻዬ

እንግዳና ብርቅ የሆኑ በሽታዎችን ማጥናት ከጀመርኩ ስድስት ወር ሞላኝ። ደሴ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው ታይፎይድ፣ ጃርዲያ፣ ስኳርና ደም ማነስ ነው። ማታ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድና ብርዱ ሲጠና ሻዬን ይዤ ደብተሬን እከፍታለሁ። ከእናንተም ይህን ዓይነት ጥናት የጀመራችሁ ስላላችሁ የሆነልኝንም ያልሆነልኝንም ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ወር ከንቱ ቀረ። በየማታው አንድ የበሽታ ስም እጽፍ ነበር። ፎቶውን አያለሁ፣ እገረማለሁ፣ እተኛለሁ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ዘግቼ ራሴን ስፈትን ከሃያ ምናምን ስም በቅጡ ማስረዳት የቻልኩት ሦስቱን ብቻ ነው። ደግሞ ፎቶዎቹን የማይበት መንገድ ሰላም ነሳኝ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ታሟል፣ እኔ ደግሞ እንደ ትርኢት እያየሁት ነው። ስለዚህ ፎቶ መሰብሰቡን ተውኩት። በሳምንት አንድ በሽታ ብቻ ያዝኩ። ለእያንዳንዱም ሦስት ጥያቄ እጽፋለሁ፦ ሰውነት ውስጥ የተበላሸው ምንድን ነው? በምን ይታወቃል? የታመመው ሰው ቀኑን እንዴት ይውላል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ አስተማረኝ።

በአዲሱ መንገድ ቀድሜ የያዝኩት አልካፕቶኑሪያ ነው። ሽንት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ቶሎ ገባኝ። ሽንቱ ሲወጣ ተራ ሽንት ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ አየር እየነካው ሲቆይ ግን ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታየው የሕፃኑን ጨርቅ የምታጥብ እናት ናት። ታይሮሲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ደረጃ በደረጃ ከሚያፈርሱት ኢንዛይሞች አንዱ ይጎድላል። ሥራው መሃል ላይ ይቆምና ሆሞጀንቲሲክ አሲድ ይጠራቀማል። የተረፈው በሽንት ይወጣል፤ የቀረው ለዓመታት በቅርጭጭት (በልም አጥንት) ውስጥ እየተቀመጠ ጆሮን ያጠቁራል፣ ወገብና ጉልበትን ይጎዳል። የለንደኑ ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1902 ስለዚህ በሽታ ሲጽፍ ከልጆቹ የብዙዎቹ ወላጆች የአጎትና የአክስት ልጆች መሆናቸውን አስተውሏል። አንድ በሽታ በዘር የሚወረስበትን መንገድ ለመረዳት ይህ ትልቅ በር ከፈተ። ለእኛ ለላብራቶሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ሜትሮኒዳዞልም ሽንት ሊያጠቁር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ መጠየቅ ነው።

ቀጥሎ ያጠናሁት ጡንቻና ጅማት ወደ አጥንት የሚለወጡበትን በሽታ ነው። ሙሉ ስሙ ረጅም ስለሆነ በምህፃሩ ኤፍኦፒ ይሉታል። ፊላዴልፊያ ሙተር ሙዚየም ውስጥ የሃሪ ኢስትላክ አጽም አለ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሞት መንቀሳቀስ የቀረው ከንፈሩ ብቻ ነበር፤ አጽሙንም ለጥናት ብሎ ሰጠ። የበሽታው ምክንያት በአንድ ጂን ላይ ያለ ለውጥ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ብዙዎቹ ሕፃናት ሲወለዱ የእግራቸው አውራ ጣት አጭርና የተጣመመ ነው። ይህን ያላየ ሰው ልጁ ላይ እብጠት ሲያገኝ ናሙና ልቁረጥ ይላል፤ መቁረጡ ደግሞ አዲስ አጥንት ያስበቅላል። ይህንን ካነበብኩ በኋላ የሕፃን ጣት ሳላይ አላልፍም።

በጥር ወር ደግሞ ያላሰብኩት መጣ። ስለ ቫፕኒያርካ እያነበብኩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር፣ ያኔ ሩማንያ በያዘችው መሬት ላይ የነበረ የእስረኞች ካምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ለአይሁድ እስረኞች ይሰጥ የነበረው ዋና ምግብ ለከብት የሚሆን ጥራጥሬ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ እግራቸው ይገተር ጀመር። ጉልበታቸው ይተሳሰራል፣ በጣታቸው ጫፍ ይራመዳሉ፣ ከዚያ በዱላ፣ ከዚያ በእንብርክክ። እዚያው ታስሮ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ጥፋቱ ከእህሉ መሆኑን ለየ። እስረኞቹም አንበላም አሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን እስከ ዕድሜ ልካቸው ሽባ ሆነው ቀሩ።

አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እምዬ ነው የምንላት። የደላንታ ሰው ናት። አረማመዳቸውን ጮክ ብዬ ሳነብላት እንዝርቷን አቆመች።

«ይኼማ ጓያ የሰበረው ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እህሉ ጓያ ነው። በሽታው ላቲሪዝም ይባላል። እኔ ቫፕኒያርካ ድረስ የሄድኩለትን ነገር እምዬ በልጅነቷ አይታዋለች። «ስንቱ ጎበዝ በዱላ ቀረ» አለች። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሌላ በሽታ አልከፈትኩም። ሁለት ወር ሙሉ ጓያ ላይ ነኝ።

ጓያ ድርቅ ይችላል። ውሃ የተኛበት መሬት ላይም ይበቅላል። ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይገኛል። ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር የበላው ሰው አይጎዳም። ለወራት ከእሱ ሌላ የሚበላ ያጣ ግን አደጋ ላይ ነው። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ለይተው አወጡት። እንቅስቃሴን የሚያዙ የነርቭ ሴሎችን ከመጠን በላይ እየቀሰቀሰ ይጎዳቸዋል። አእምሮ አይነካም። የቆዳ ስሜትም ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። እግር ብቻ ይገተራል። አንዴ ከያዘ አይድንም፤ ጓያውን ካቆሙ ግን ብዙም አይብስም።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በእኛው በወሎ፣ በደላንታ ዳውንት፣ በሽታው እንደ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ስለዚያ የተጻፈውን ጥናት ይዤ ከእምዬ ጋር ቁጭ አልኩ። ብዙው ገጠመ። ጥናቱ ጓያን ቀቅሎ ወይም እሸቱን ጥሬውን መብላት አደጋውን እንደሚያበዛው ይላል። እምዬ ደግሞ «የሚሰበሩት ወንዶቹ ነበሩ፤ እሸቱን እየጠረጠሩ፣ ንፍሮውን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚውሉት» አለች። ጥናቱ ከእህል ጋር መደባለቁና ቅመም ባለው ወጥ መልክ መሥራቱ አደጋውን ይቀንሳል ይላል። እሷም «ሽሮውማ ማንን ጎዳ» አለችኝ።

ያልተግባባነው አንድ ነገር ላይ ነው። የጓያ ማሳ ያቋረጠ ይሰበራል፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ የመታውም ይሰበራል ትላለች። የሚጎዳው መብላቱ ነው ብዬ ማስረጃውን ነገርኳት። «እንግዲህ አንቺ ተምረሻል» ብላ ዝም አለች። አላመነችኝም። ይህን ቀለል አድርጌ አላየውም፤ እንፋሎቱን የፈራ ሰው ከድስቱ ርቆ ንፍሮውን ሊበላ ይችላልና።

መቼም የስም ነገር አስደንቆኛል። እስፓኛዊው ሠዓሊ ጎያ የማድሪድን ረሀብ ሲሥል ከሥዕሎቹ አንዱን «ለጓያ ምስጋና» ብሎታል። ሰዎች ከበው የጓያ ገንፎ ይበላሉ፤ አንዲት ሴት ግን መነሳት አቅቷት ተጋድማለች። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1811 እና 1812 ነው። ሥዕሉን ለእምዬ በስልኬ አሳየኋት። ብዙ ቆይታ አየችው። ስለ ሠዓሊው ምንም አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ስለ ሴትየዋ ነው፤ «ማን ያነሳታል?» አለች።

አሁን የደረስኩበት እዚህ ነው። ባለፈው ሰኞ ሰኞ ገበያ ወርጄ ጓያ እንዴት እንደሚሸጥ አየሁ። ክኩን ከአተር ክክ መለየት ለእኔ ከባድ ነው፤ ሻጯ ናት ያሳየችኝ። ጥሬው ማዕዘን ማዕዘን ያለው ነው፣ እንደ ትንሽ መጥረቢያ። አንድ ኪሎ ገዝቼ ገባሁ። እምዬ በድሮው ወግ ሠርታ አሳየችኝና እያንዳንዱን እርምጃ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ማታ ዘፈዘፈችው። ጠዋት ውሃውን ደፋችው፣ በሌላ ውሃ አጠበችው፣ ደግማ ደፋችው። ማንም ያስተማራት የለም፤ እናቷ እንዲህ ታደርግ ነበር። ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል፤ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መጠኑን እንደሚቀንስ አንብቤያለሁ። ለምን እንደምትደፋው ጠየቅኳት።

«ያንን ውሃ ለላም እንኳ አንሰጥም ነበር» አለችኝ።