ከአረንጓዴው ቀለም ሥር፦ የጆን ዲር 110 እድሳት እስካሁን የደረሰበት

የጆን ዲር 110 ትንሽ ትራክተሬ ሞተር ተነሥቷል፤ ጭስም የለውም። ከዚህ በፊት የተከታተላችሁኝ እንደምታስታውሱት፣ ቅዝቃዜው ሲገባ ጋራዤ ውስጥ የነበሩት ባዶ ሻሲ፣ በቡና ጣሳ የታጨቀ ቡሎንና የተሰነጣጠቁ ጎማዎች ብቻ ነበሩ። አሁን ማሽኑ በራሱ ጉልበት ከጋራዥ ይወጣል፣ ይገባል። የቀረኝ ቀለሙና መቀመጫው ነው። ወደ ሞተሩና ወደ መለዋወጫው በኋላ እመለሳለሁ። የዚህን ትራክተር ማንነት የነገረኝ ቀለሙ ነውና ወሬዬም ከዚያ ይጀምራል።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ የአሜሪካው ኩባንያ ጆን ዲር በእርሻ መሣሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ከታወቀ በኋላ፣ ለመኖሪያ ቤት ግቢ የሚሆን ትንሽ ትራክተር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ስሙ 110፣ የተሠራበት ቦታ ደግሞ ዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለው የሆሪኮን ፋብሪካ። የመጀመሪያው ዓመት ሞተር 7 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 8 ከፍ አለ። እስከ 1967 የተሠሩት የኋላ ፓራፋንጓቸው ክብ ነው፤ ከ1968 ወዲህ ያሉት ግን ማዕዘን አላቸው። የእኔው የ1970 ስለሆነ ባለማዕዘን ነው። ሞተሩ ኮህለር ኬ181፣ አንድ ሲሊንደር፣ 305 ሲሲ፣ ብሎኩ ከብረት የተቀዳ፣ የዘይት ፓምፕ እንኳ የሌለው ማሽን ነው። ዘይቱን የሚረጨው በቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በሚያያይዘው ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ማንኪያ መሳይ ብረት ናት። የኮህለርን ስም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ከመታጠቢያ ገንዳና ከእጅ መታጠቢያ ላይ ይሆናል፤ አዎ፣ ይህን ሞተር የሠራው ያው ኩባንያ ነው።

ስገዛው አረንጓዴ ነበር። ጆን ዲር አረንጓዴ ሆኖ ሲገኝ ማን ይጠረጥራል? ዳሽቦርዱን ፈትቼ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሳጸዳ ግን ዙሪያውን ነጭ ቀለም አየሁ። አንቲሩጂኒ (ከቀለም በፊት የሚቀባ የዝገት መከላከያ) ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነጩ ያንጸባርቃል፣ አንቲሩጂኒ ደግሞ አያንጸባርቅም። ወደ ኮፈኖው ሄድኩ። ከውስጥ በኩል ማንም የማያየው ጥግ መርጬ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ በአንድ ጣቴ ክብ ክብ አድርጌ ፋቅሁት። ቀስ ተብሎ ከተፋቀ እያንዳንዱ ሽፋን እንደ ግንድ ቀለበት በየተራ ይወጣል፦ ከውጭ ደማቅ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ከጣሳ የተረጨ ግራጫ፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ያለ ሰማያዊ፣ ከዚያ ስስ አንቲሩጂኒ፣ በመጨረሻም ብረቱ። ሰማያዊው የተቀመጠው ከፋብሪካው አንቲሩጂኒ በላይ ነው፤ በመካከላቸው ዝገትም ጭረትም የለም። ይህ ማለት ሰማያዊው የመጀመሪያው ልብሱ ነው።

ጉዳዩን የማያውቅ ይገረም ይሆናል። ጆን ዲር እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1971 «ፓቲዮ» የሚባሉ ትራክተሮችን ሠርቶ ነበር። 110፣ 112፣ 120 እና 140 የተባሉት ሞዴሎች አካላቸው ዶግዉድ ዋይት በሚባል ነጭ ተቀብቶ፣ ኮፈኖውና መቀመጫው ደግሞ ደንበኛው ከአራት ቀለሞች በመረጠው ይመጣ ነበር፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫና ስፕሩስ ብሉ የተባለው ሰማያዊ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ትራክተሩ እንደ እርሻ መሣሪያ ሳይሆን ከቤቱና ከመኪናው ጋር የሚስማማ ዕቃ ሆኖ እንዲታይ ነው። እንደታሰበው አልተሸጡም፤ ተቋረጡ። ዛሬ ሰብሳቢዎች በባትሪ መብራት የሚፈልጓቸው እነዚያኑ ያልተወደዱትን ነው። የእኔን አረንጓዴ የቀባው ሰው «እውነተኛ» ጆን ዲር እንዲመስልለት አስቦ መሆን አለበት። አልፈርድበትም፤ ለሣር ማጨጃ የገዛው ማሽን ነው፣ ለሙዚየም አይደለም።

የላይኛውን አረንጓዴ ስለማንሣት ለጠየቃችሁኝ፦ ከጣሳ የተረጨ ቀለምና ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የደረቀ ቀለም ጥንካሬያቸው አንድ አይደለም። ጨርቅ በቲነር አርሼ ኮፈኖው ላይ ትንሽ ቆይቼ ስጠርገው አረንጓዴው ይለቃል፤ ሰማያዊው ግን ይቋቋማል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የሟሟው አረንጓዴ ሰማያዊው ጭረት ውስጥ ይገባና አይወጣም። ቲነሩም ሰማያዊው ላይ ከቆየ ማደብዘዙ አይቀርም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። የኮፈኖው ግማሽ አሁን ሰማያዊ ሆኗል። ጭረት አለው፣ አንድ ጥጉም ተላጥቷል፣ እኔ ግን እንደገና አልቀባውም። የፋብሪካው ቀለም ራሱ እያለ ስቱኮ ደልድሎና በዘመናዊ ቀለም አንጸባርቆ አዲስ ማስመሰል ለእኔ ማደስ አይደለም። በየትርኢቱ የማያቸው አንዳንድ 110ዎች ከፋብሪካ የወጡ ቀን እንኳ እንዲህ አልተወለወሉም። አካሉ ግን በዝገት ስለተበላ ነጩን መቀባት ግድ ነው።

አሁን ወደ መለዋወጫው። እዚህ ላይ የምመክራችሁ አንድ ነገር ቢኖር፣ አንዲት ዳዶ እንኳ ከመግዛታችሁ በፊት የመለዋወጫ መጽሐፉን አንብቡ የሚል ነው። የጆን ዲር የመለዋወጫ ካታሎግ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። የሆሪኮን ፋብሪካ ዕቃዎች ቁጥራቸው በ«ኤም» ይጀምራል፤ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ዕቃ ሲሆን ደግሞ በ«ኤኤም»። ከሥዕሉ ጎን ያለውን ትንሿን ጽሑፍ አትለፏት፤ «ከዚህ ሴሪያል ቁጥር በፊት» ወይም «ከዚህ በኋላ» ትላለች። ስሙ አንድ፣ መልኩም አንድ ሆኖ ቁጥሩ ግን ሁለት የሆነ ዕቃ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ኩባንያው አሮጌውን ቁጥር በአዲስ ይተካል። አዲሱ ልክ ይገጥማል፣ በትክክልም ይሠራል፤ ግን ቅርጹ ወይም ሽፋኑ ከድሮው ይለያል። ሣር ለማጨድ ከሆነ አዲሱን ግዙና ገላገላችሁ። የ1970ውን ማሽን እንደ 1970 ማየት ከፈለጋችሁ ግን መፈለግ ያለባችሁ በአሮጌው ቁጥር ነው። አሮጌ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ያስቀሩ ነጋዴዎችም ዕቃቸውን የሚጠሩት በዚያው ቁጥር ነው።

ለሞተሩም እንዲሁ። ኬ181ን ኮህለር የሸጠው ለብዙ ትራክተር ሠሪዎች ነው፤ እንደየገዢው የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ፣ የዘይት ገንዳው፣ ካርቡራተሩም ይለያያል። ልዩነቱን የሚናገረው የሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከሞዴሉ አጠገብ ያለው «ስፔክ» ቁጥር ነው። ከሞዴሉ ቀጥሎ «ኤስ» ካለ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ነው። ብዙ 110ዎች በዕድሜያቸው ሞተር ስለቀየሩ ገና ስትገዙ ይህን ሰሌዳ ፎቶ አንሡት። ሰሌዳው ከሌለ ደግሞ ዋጋ ለመከራከር ጥሩ ምክንያት አገኛችሁ ማለት ነው።

ካርቡራተሩ የተለየ ታሪክ አለው። የነበረው ከመጠን በላይ አየር ይስብ ስለነበር «ኦሪጅናል» ተብሎ የቀረበ አንድ አዲስ ገዛሁ። ሻጩን መጥራት አያስፈልግም። በሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ታላቅ ወዳጅ አሉኝ፤ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላቸውና «ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አልኳቸው። መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም። አዲሱን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጥፍር የፍላንጁን (ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ገጽ) ጠርዝ ዳሰሱት፤ ከቅርጽ ሲወጣ የቀረው ሹል ጠርዝ አልተሞረደም ነበር። አሮጌውን አነሡና የጋዝ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ግራና ቀኝ ነቀነቁት።

«ይሰማሃል?» አሉኝ። ቀጭን የብረት ቅጭቅጭታ ይሰማል። «አየሩ የሚገባው በዚህ ነው። አካሉ ምን ሆነ? ቦኮላ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) አስገባበትና ተወው። ያኛውን መልስ፤ ካልተቀበሉህም ለበር መዝጊያ ይሆንሃል።»

እንዳሉት አደረግኩ። ቀዳዳው በትንሹ ሰፍቶ ቀጭን የነሐስ ቦኮላ ገባበት፣ ጓርኒሲዮኖቹና (በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚገቡት ማሸጊያዎች) መርፌው ተቀየሩ፤ አየር መሳቡ ቀረ። የአዲሱ ሌላ ችግርም በኋላ ታየኝ፦ የአየር መዝጊያው ክንድ ቀዳዳ ከዋናው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ስለተሠራ ገመዱ ተጣሞ ነው የሚገባው። ኮፒን ከኦሪጅናል ለመለየት እንዲህ ያለውን ቦታ ማየት ነው፤ ትልቁን ቅርጽ ማንም ይቀዳዋል።

ሲሊንደሩ ስለተበላ በ0.010 ኢንች ሰፍቷል፤ ልኩን የጠበቀ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ማግኘት ለኮህለር ከባድ አይደለም። ፑንቲናው (የካንዴላውን እሳት ጊዜ የሚወስነው መገናኛ) 0.020 ኢንች ተከፍቶ፣ በቮላኖው (በሞተሩ ከባድ መሽከርከሪያ) ላይ ካለው «ኤስ» ምልክት ጋር ተስተካክሏል። ምልክቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 20 ዲግሪ በፊት ያለው ነው። ከዚህ በኋላ አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ዘይት፣ በቃ።

ሞተሪኖውና ዲናሞው በዚህ ማሽን አንድ ዕቃ ናቸው፤ በቺንጋ ሞተሩን ያስነሣል፣ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ባትሪውን ይሞላል። የዴልኮ ሬሚ ምርት ነው። ሰሌዳው ላይ ያለችው አጭር ኮድ የተሠራበትን ጊዜ ትናገራለች፦ ቁጥሩ ዓመቱን፣ ፊደሏ ወሩን፣ ቀጥሎ ያለው ቀኑን። የእኔው ኮድ ከትራክተሩ ዕድሜ ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ ካርቦኑንና ኩሽኔታውን ብቻ ቀየርኩ እንጂ ሌላ አልፈለግኩም። ሬጉሌተሩን (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ፈትታችሁ ከገጠማችሁ፣ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት «ባት» (ባትሪ) እና «ጄን» (ዲናሞ) የሚሉትን ጫፎች በሽቦ ለቅጽበት አነካኳቸው። ይህ ካልተደረገ ዲናሞው በተገላቢጦሽ ሊሞላና የሬጉሌተሩን ነጥቦች ሊያቃጥል ይችላል።

ቫሪያተሩን የማያውቅ 110ን አያውቀውም። መካከለኛው መዘውር በሁለት ቺንጋዎች መካከል እየተንሸራተተ፣ ማርሽ ሳይቀየር በአንድ ዘንግ ፍጥነት እንዲጨምርና እንዲቀንስ ያደርጋል። ስለዚህ ቺንጋ ከየትም «የሚቀርበውን» አትግዙ፤ ርዝመቱ ወይም ስፋቱ ትንሽ ከተለየ ከፍተኛው ፍጥነት ይጠፋል ወይም ዝቅተኛው አይገኝም። በዚህ ላይ ብቻ በአዲሱ የኩባንያው ቁጥር ገዝቻለሁ፤ ቺንጋ ያልቃል፣ አንቲክ አይሆንም።

ቡሎኖቹን አልጣልኳቸውም። ራሳቸው ላይ ሦስት ጭረት ያላቸው ግሬድ 5 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ናቸው፤ ምልክት የሌላቸውና አዲስ የሚያብረቀርቁት ከዕቃ መሸጫ የመጡ እንግዶች ናቸው። ዝገቱን ያነሣሁት በኤሌክትሪክ ነው፦ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በተበጠበጠበት የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ፣ ከባትሪ መሙያው ኔጋቲቩ ከዕቃው ጋር፣ ፖዘቲቩ ከቁራጭ ተራ ብረት ጋር። ለቁራጩ ማይዝግ ብረት ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይለቃል። አልሙኒየም አትክተቱበት፣ ይበላዋል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ከቤት ውጭ ይሁን።

ጎማዎቹ በኢንች ከፊት 16 በ6.50 ባለ8 ቸርኬ፣ ከኋላ 23 በ8.50 ባለ12 ናቸው፤ ሁለቱም ልክ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል።

የቀረው መቀመጫው ነው። አሁን ያለው ቢጫ ነው፤ ከአረንጓዴው ቀለም ጋር አብሮ የመጣ ይመስለኛል። ሰማያዊውን በፔንሲልቬንያ ኪንዘርስ በየነሐሴው በሚካሄደው የአሮጌ ማሽን ትርኢት ላይ የዕቃ ሻጮቹን ድንኳን እያዞርኩ ፈልጌ አንድ ብቻ አየሁ፤ የቆዳው ሰማያዊ ደህና ነው፣ ከሥሩ ያለው የብረት ሳህን ግን ለክቡ ፓራፋንጎ የተሠራ ነበር። ዋጋው ደግሞ ትራክተሩን ከገዛሁበት ይበልጣል። ተውኩት። ሳህኑን ለብቻው ካገኘሁ ቆዳውን ለሚሰፋ ባለሙያ ሰጥቼ ከኮፈኖው ሰማያዊ ጋር እንዲያመሳስለው አስባለሁ፤ የኮፈኖው ሌላው ግማሽ እስኪጸዳ ድረስ ግን ቀለሙን ለማመሳሰል አልቸኩልም። ባለማዕዘን ፓራፋንጎ የሚገጥም ሳህን፣ ቆዳው ቢቀደድም ቢጠፋም፣ ያየ ካለ የላይኛውን ብቻ ሳይሆን የሥሩንም ፎቶ ይላክልኝ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ማየት እፈልጋለሁ።